ንባብ አድማጭ ይፈልጋል፦ ልጅዎ ማንበብ እንዲችል ቤት፣ መምህርና ሰፈር ምን ይሥሩ?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር አገር ደንግጦ ነበር። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክርክሩ ሁሉ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተናው ክብደትና ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሆነ። ችግሩ ግን የሚጀምረው ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ልጁ ገና ፊደል ሲቆጥር ነው። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ጥናት፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀ አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በሁለተኛ ክፍል ያላነበበ ልጅ በአምስተኛ ክፍል ሳይንሱን፣ በስምንተኛ ክፍል ደግሞ ሒሳቡን የሚያጣው ጥያቄው ምን እንደሚል ስለማይገባው ነው።

ማንበብ የሚለመደው ጮክ ብሎ በማንበብና ሲሳሳቱ ወዲያው በመታረም ነው። አሁን 60 ልጆች የተቀመጡበትን ክፍል ያስቡ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መምህርቷ እያንዳንዱን ልጅ አንድ አንድ ደቂቃ ላድምጥ ቢሉ እንኳ ጊዜው አይበቃቸውም። ስለዚህ ልጆቻችን ከሁሉ በላይ የጎደላቸው፣ ሲያነቡ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብም ዲግሪም አይጠይቅም። ማንበብ የማይችል ወላጅም ማስነበብ ይችላል።

ይህ መመሪያ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ላለ፣ በአማርኛ ለሚማር ልጅ ወላጅ፣ መምህርና ጎረቤት የተጻፈ ነው። ከፍ ያለ ክፍል ላይ ሆኖ ንባብ ለሚያስቸግረውም ይሠራል።

1. ልጁ የቱ ጋ እንዳለ ይወቁ

ብዙ ልጆች "ሀ ሁ ሂ ሃ" ብለው እስከ መጨረሻው ድረስ በዜማ ይወርዱታል። ወላጅም "ልጄ ፊደል ጨረሰ" ብሎ ደስ ይለዋል። ልጁ ግን ዜማውን እንጂ መልኩን ላያውቅ ይችላል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ልጁ ሀሁን ከቆጠረ በኋላ ፊደሉ ተራው ተለውጦ፣ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እየተባለ እንደገና ይቀርብለታል። ተራውን በቃሉ ብቻ የያዘው ልጅ አቡጊዳ ላይ ሲደርስ ይታወቃል።

እርስዎም ይህንኑ በአምስት ደቂቃ ማየት ይችላሉ። ከአንድ ወረቀት መሐል፣ አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ይቅደዱ። ወረቀቱን በፊደል ገበታው ላይ ያድርጉና ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ዘለል ዘለል እያደረጉ 20 ያህል ፊደል ይጠይቁት። ቀጥሎ ከመማሪያ መጽሐፉ አሥር ቃላት ያስነብቡት፤ ከዚያም ሦስት ዓረፍተ ነገር። በመጨረሻ "ምን ይላል?" ብለው ይጠይቁት። እርስዎ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ይህን አንዱን ሥራ ለታላቅ እኅቱ ወይም ለጎረቤት ልጅ ይስጡ።

ልጁ ከሚከተሉት በአንዱ ላይ ይገኛል፦

- ፊደሉ ከተራው ሲወጣ ይጠፋበታል።
- ፊደሉን ይለያል፤ አንድ ላይ አገጣጥሞ ቃል ማድረግ ግን ያስቸግረዋል።
- ቃል ያነባል፤ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን መጀመሪያውን ረስቶታል።
- አቀላጥፎ ያነባል፤ ምን እንዳነበበ ሲጠየቅ ግን መልስ የለውም።

የሚሠራው ሥራ የሚወሰነው በዚህ ነው። የመጀመሪያውን ልጅ ታሪክ አስነብባለሁ ብሎ ማስጨነቅ፣ አራተኛውንም በፊደል ገበታ ማሰልቸት አያስፈልግም። ያገኙትን ለልጁ በእርጋታ ይንገሩት፤ እንግዳ ፊት ግን አያንሡት።

2. በየቀኑ 15 ደቂቃ ያዳምጡ

ቁርጥ ያለ ሰዓት ይምረጡ። ከራት በፊት፣ ቡና እስኪፈላ፣ ከሶላት ወይም ከጸሎት በኋላ፣ ለቤቱ የሚመች ይሁን። መብራት በሚጠፋበት ወይም በሌለበት አካባቢ ቀን በብርሃን ቢሆን ይሻላል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አስነብቦ ሳምንቱን ከመተው፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ እጅግ ይበልጣል። ሴት ልጅ ካለችዎት እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ውሃው፣ ሊጡና ሕፃኑ እሷ ላይ ተደራርበው፣ ለወንድሟ የተሰጠው 15 ደቂቃ ለእሷ እንዳይቀር የእሷን ሰዓት ቀድመው ይያዙላት።

በእነዚያ 15 ደቂቃዎች የሚደረገው ይህ ነው፦

- ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብ። እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ ወይም በስንጥር እየነካ ይሂድ።
- ሲያቆም አይሽቀዳደሙት። በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ራሱ ያገኘዋል፤ ራሱ ያገኘውን ደግሞ አይረሳውም።
- ካልመጣለት "የመጀመሪያው ፊደል ማነው? ቀጥሎስ?" ብለው ያስጠሩት። እንደገና ካልሆነ ይንገሩትና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይድገመው።
- አንድን ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ማንበብ ጊዜ ማባከን አይደለም። ቅልጥፍና የሚመጣው ከመደጋገም ነው።
- ሲጨርስ "እስቲ ንገረኝ" ይበሉት። በራሱ አባባል ይተርክልዎት።
- አንድ ነገር ለይተው ያመስግኑት። "ጎበዝ" ብቻ ከማለት "ያቺን ረጅም ቃል ለብቻህ አወጣሃት" ማለት ልጁ ምን እንደሠራ ያሳውቀዋል።

ኩርኩም፣ ስድብና "እገሌ እኮ ካንተ ያንሳል፣ ያነባል" የሚለው ንጽጽር ከዚህ ሰዓት ይውጡ። የፈራ ልጅ ዓይኑ ከመጽሐፉ ይልቅ የእርስዎን እጅ ይጠብቃል። ንባብን ከቅጣት ጋር አገናኝቶ ያደገ ልጅ ሲጎለምስም መጽሐፍ ይሸሻል።

ማንበብ የማይችሉ ወላጅ ከሆኑ ይህን ዘዴ ይያዙ። ልጁ አንድን ገጽ ያንብብልዎት። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ገጽ እንደገና ያንብብ። ቃላቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ በእርግጥ እያነበበ ነው፤ ታሪኩ በየጊዜው ከተለዋወጠ ሥዕሉን አይቶ እየገመተ ነው ማለት ነው። ጣቱ አፉ ከሚለው እኩል መሄዱንም ይመልከቱ። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ዘመድ ውጭ አገር ካለ እሱንም ይጨምሩት። አሜሪካ ያለች አክስት ወይም ዱባይ የምትሠራ እናት በስልክ ምስል እያየች አሥር ደቂቃ ማስነበብ ትችላለች። ለልጁም ከርቀት የሚደርሰው ጥሩ ስጦታ ነው።

3. ፊደላችን የሚያስቸግርበትን ቦታ ይወቁ

ልጆች የሚደናቀፉት በአብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ነው። ቦታውን ያወቀ ሰው ቶሎ ያነሣቸዋል።

ዋናዎቹ ፊደላት 33 ናቸው፤ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ለየብቻ ማጥናት ከባድ ስለሆነ ልጁ ዝምድናውን ይይ። ካዕቡ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፦ ሉ፣ ሙ፣ ቡ። ሣልሱ ጭረቷ እግሩ ሥር ናት፦ ሊ፣ ሚ፣ ቢ። ኃምሱ እዚያው ቀለበት ያደርጋል፦ ሌ፣ ሜ፣ ቤ። ራብዑ ሁለት እግር ካለው የግራው ያጥራል፦ ላ፣ ሳ፣ ባ። እግሩ አንድ ከሆነ ይታጠፋል፦ ታ፣ ቃ፣ ያ። እንደ ሩ እና ፉ ያሉ ያፈነገጡ አሉ፤ እነሱን ለብቻ ያስለዩ።

ሳድስና ሳብዕ ግን እንዲህ ያለ ወጥ ሕግ የላቸውም። ህ፣ ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ት፣ ን እያንዳንዳቸው የራሳቸው መልክ አላቸው። በአማርኛ ጽሑፍ ከሁሉ በብዛት የሚመጣው ደግሞ ሳድስ ነው። ስለዚህ ሳድስን እንደ ሌሎቹ በአንድ ቀን አያልፉት፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይስጡት። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንዴ ያለ አናባቢ ይነበባል። "ልብስ" የሚለውን ልጁ "ል... ብ... ስ..." ብሎ ነጣጥሎ ካነበበው ልክ ነው፤ ግን እዚያ አይቁም። "አሁን በአንድ ትንፋሽ በለው" ይበሉት። የሚያውቀውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይበራል።

ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው በጽሑፍ አይለይም። "ገና አልመጣም" እና "የገና በዓል"፣ "አለ" ተናገረ ለማለትና "አለ" ይገኛል ለማለት፣ ፊደላቸው አንድ ነው። ልጁ አንዱን በሌላው ቢያነብ አልተሳሳተም፤ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ አንብቦ ትርጉም ወደሚሰጠው እንዲመለስ ያስለምዱት።

የሚመሳሰሉትን ፊደላት አብረው አያስተምሩ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ፣ ዘ እና ዠ በአንድ ቀን ከቀረቡ ይምታታሉ። ልጁ አንደኛውን በደንብ ከያዘ በኋላ፣ ከቀናት ቆይታ ጋር ሁለተኛውን ያምጡ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በሚጽፍበት ጊዜ ቢያቀያይር ለጊዜው ይለፉት። ቅድሚያ የሚሰጠው ንባቡ ነው።

አንድ መሣሪያ ይሥሩ። የብስኩት ወይም የሳሙና ካርቶን ቆራርጠው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ይጻፉ። "ላም" ብለው ይደርድሩ። ም-ን አንሥተው ብ ይተኩ፤ "ላብ" ሆነ። ላ-ን በል ይለውጡ፤ "ልብ" ሆነ። መጨረሻ ላይ ስ ይጨምሩ፤ "ልብስ" ሆነ። ልጁ አንድ ፊደል ሲቀየር ቃሉ እንዴት እንደሚለወጥ በእጁ ይዞ ያየዋል። ቀጥሎ እሱ ይደርድር፣ እርስዎ ያንብቡ።

4. ቤቱን በንግግርና በሚነበብ ነገር ይሙሉ

ልጅ የሚረዳው የሚያውቀውን ቃል ነው። በጆሮው ሰምቶት የማያውቀውን ቃል በትክክል ቢያነበውም አይገባውም። ስለዚህ ተረት፣ እንቆቅልሽና ጨዋታ የንባብ ትምህርት አካል ናቸው። አያት የሚያወሩት ተረት፣ ማታ "እንቆቅልህ" ሲባል "ምን አውቅልህ" የሚለው ጨዋታ ለልጁ የቃላት ሀብት ነው። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ለልጆች ተረት ሲያወሩ፣ ኋላም "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የተሰኘው ዝግጅት በአሻንጉሊት ሲያስተምር ይህንኑ ሥራ ሠርተዋል። ቴሌቪዥኑ ሲያልቅ "ምን ሆነ? ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።

ቤት ውስጥ የሚነገረው ሌላ ቋንቋ ከሆነ በዚያው ቋንቋ ያውሩት፣ ይተርኩለት። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ያደረገው፣ ልጅ በሚያስብበት ቋንቋ ሲማር ስለሚቀለው ነው። በአንዱ ቋንቋ ያካበተው ዕውቀት ለሌላውም ይጠቅመዋል።

መጽሐፍ ባይኖርም የሚነበብ አይጠፋም። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ የዱቄትና የዘይት መያዣ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የአውቶቡስ ታፔላ ሁሉ ይነበባሉ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ልጁ ራሱ የተናገረው ነው። ዛሬ ያየውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይንገርዎት፤ ታላቁ ይጻፍለት፤ እሱ ያንብበው። ቃሉን ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያውቀው አይፈራውም። እነዚህን ወረቀቶች ሰፍተው ቢያስቀምጡለት የመጀመሪያው መጽሐፉ ይሆናል።

5. መምህሩን ካርድ ሳይወጣ ያግኙ

ብዙ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ለምዝገባ፣ ለካርድና "ወላጅ አምጣ" ሲባል ነው። ካርድ ሲወጣ ግን ጊዜው አልፏል። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ መምህሩ ክፍል በማይገቡበት ሰዓት ሄደው እነዚህን ይጠይቁ፦

- ልጄ ከፊደል፣ ከቃልና ከታሪክ የቱ ላይ ነው?
- በዚህ ወር ቤት ውስጥ ምን ላስነብበው?
- የት ነው የሚቀመጠው? ሰሌዳው ይታየዋል? ሲጠሩት ይሰማል?

ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ይምሰል እንጂ ብዙ ልጅ ያድናል። መጽሐፍ ዓይኑ ሥር የሚያስጠጋ፣ የሚያጨናቁር፣ ከጓደኛው ደብተር ብቻ የሚገለብጥ ልጅ ዓይኑ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ "ምን?" የሚል ወይም ጆሮው የሚመግል ልጅ ደግሞ ላይሰማ ይችላል። ሰነፍ ከማለትዎ በፊት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

እርስዎም የቤቱን ይንገሯቸው። ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ካለ፣ ልጁ ከትምህርት በኋላ የሚሠራው ሥራ ካለ፣ ማታ የማይተኛ ከሆነ መምህሩ ማወቅ አለባቸው። አንዲት ቀጭን የመገናኛ ደብተር በቦርሳው ይኑር። መምህሩ የሚነበበውን ገጽ ይጻፉ፤ እርስዎ ካነበበ በኋላ ምልክት ያድርጉ። መጻፍ ለማይችል ወላጅ አንድ ጭረት ይበቃል፤ ትርጉሙን አስቀድሞ መስማማት ነው።

6. መምህር ከሆኑ

ክፍልዎ ሰፊ፣ ጊዜዎ ጠባብ መሆኑ የታወቀ ነው። ሸክሙን የሚያቀሉ ጥቂት ልማዶች እነሆ።

በቀን አምስት ልጆችን ብቻ ለየብቻ ያዳምጡ። ሌሎቹ ሲጽፉ አምስቱን በተራ ወደ ጠረጴዛዎ ይጥሩ። ክፍሉ 60 ልጆች ቢኖሩት በ12 የትምህርት ቀን ሁሉንም ያዳርሳሉ። በስም ዝርዝራቸው አጠገብ የቱ ላይ እንዳሉ በአንድ ቃል ይጻፉ። በጋራ እያስደገሙ ማስነበብ ሞቅ ያለ ቢሆንም ደካማውን ይደብቃል፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዓመቱን የሚጨርስ ልጅ አለ። ስለዚህ ከጋራው ንባብ በኋላ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው እርስ በርስ ያስነብቧቸው፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ በጣቱ ይከተላል።

ወላጅን ለጥፋት ብቻ አይጥሩ። በሴሚስተር አንድ ጊዜ "ልጅዎ ንባቡ ተሻሽሏል" የሚል መልእክት የደረሰው ወላጅ፣ በሚቀጥለው ሲጠሩት ሳይሸማቀቅ ይመጣል።

7. ሰፈሩ ምን ያድርግ

ሁሉም ቤት የሚያዳምጥ ሰው የለውም። እናት ሌሊት ወጥታ ማታ የምትገባበት፣ ልጅ ከአያቱ ጋር ብቻውን የሚኖርበት ቤት አለ። እዚህ ላይ የዕድሩ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱና የሰፈሩ ወጣቶች ድርሻ ይመጣል።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት የንባብ ጊዜ ያቋቁሙ። ቦታው የዕድር ቤት፣ የቀበሌ አዳራሽ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም የዛፍ ጥላ ሊሆን ይችላል። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ያስነብቡ፤ ለአንዱ ከሦስት ልጅ በላይ አይድረሰው። በቄስ ትምህርት ቤት ገፋ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ሲያስቆጥር የኖረ በመሆኑ ልማዱ አዲስ አይደለም። ሁለት የታወቁ አዋቂዎች ሁልጊዜ ከቦታው አይለዩ፤ የሚገባና የሚወጣ ልጅ ስሙ ይመዝገብ።

መጽሐፍ በአንድ የብረት ሳጥን ይጀመራል። ያደጉ ልጆች የጨረሷቸውን መጻሕፍት ሰብስቡ፤ ለሳጥኑ ቁልፍ ያዥ ምረጡ፤ የተዋሰና የመለሰ በደብተር ይጻፍ። አሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ ኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ልጆቹ ወዳሉበት እንዲሄድ አድርገዋል። ሰፈራችሁ ሕንፃ ባይኖረው ጋሪ አያጣም።

በባዶ ሆድ አይነበብም። የትምህርት ቤት ምገባ ባለበት ሳይቋረጥ እንዲቀጥል መከታተል፣ በሌለበት ለቅዳሜው ንባብ ቆሎና ውሃ በተራ ማዘጋጀት የሰፈሩ ሥራ ነው። በገጠር ደግሞ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀረው አዝመራው፣ ገበያውና ከብቱ ነው። ጎረቤታሞች ተስማምተው ከብቱን በአዋቂ ተራ ቢያስጠብቁ፣ የመኸር ሰሞንም ደቦ ሲጠሩ ልጆቹን ባይጨምሩ፣ ብዙ የትምህርት ቀን ይተርፋል።

8. በየወሩ ለውጡን ይመዝኑ

በወሩ መጨረሻ ልጁ አንብቦት የማያውቀውን፣ በክብደት ካለፈው ወር ጋር የሚቀራረብ ገጽ ይምረጡ። በአንድ ደቂቃ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ቆጥረው ቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፉ። የሚወዳደረው ከራሱ ካለፈው ወር ጋር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ወር ስምንት፣ በሚቀጥለው 13 ቢሆን ትልቅ እድገት ነው፤ ለልጁም ያሳዩት።

ሦስት ወር ሳያቋርጡ ሠርተው ምንም ለውጥ ካላዩ፣ ዓይኑና ጆሮውም ደህና ከሆኑ፣ ርእሰ መምህሩን ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ድጋፍ ይጠይቁ። ፊደል የሚምታታባቸው፣ ብሩህ አእምሮ ያላቸው ልጆች አሉ፤ የሚያስፈልጋቸው የተለየ ዘዴና ረዘም ያለ ጊዜ ነው።

ዛሬ የሚጀመረው

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመሥራት አይሞክሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ የቱ ጋ እንዳለ ይዩና ሰዓቱን ይቁረጡ። በሁለተኛው ሳምንት ካርቶኑን ቆርጠው ፊደላቱን ይሥሩ። በሦስተኛው መምህሩን ያግኙ። በአራተኛው ለዕድሩ ወይም ለወላጅ ኅብረቱ የቅዳሜውን ንባብ ሐሳብ ያቅርቡ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ወር ይመዝኑ።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የመሥራት አቅም ካለዎት ማዳመጡን ይምረጡ። መጽሐፍ ሊዘገይ፣ ክፍሉም ሊጠብ ይችላል። እርስዎ ግን ዛሬ ማታ ከልጅዎ ጎን ተቀምጠው "እስቲ አንብብልኝ" ሊሉት ይችላሉ።